አርባ ስድስት ሰጪ፣ አንድ ተቀባይ

«ለመሆኑ በእኛ መንገድ ላይ ችግረኛው ማነው?»

አክስቴ ይህን የጠየቀችኝ በዓሉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ቀኝ እጇ በጄሶ ተይዞ አንገቷ ላይ በሻሽ እንደተንጠለጠለ ነው። እኔ በሰው አገር ስድስት ዓመት ተቀምጬ ስለ ድህነት አለካክ መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ጽፌ የተመለስኩ ሰው ነኝ። ሠንጠረዥ አለኝ፤ ቀመር አለኝ። መልስ ግን አልነበረኝም።

«ይጠናል» አልኳት።

«ይጠና እንጂ!» ብላ የአዳራሹን ቁልፍ በግራ እጇ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «የኔ እጅ እስኪጠገን አንቺ አጥኚያ።»

እጇ የተሰበረው አምፖል ልትቀይር ወንበር ላይ ስትወጣ ነው። እኔ ልቀይር ብያት ነበር። «አንቺ መጀመሪያ ስለ አምፖሉ ታጠኛለሽ፤ እስከዚያ እኔ ጨለማ ውስጥ ልቀመጥ?» ብላኝ ወጣች። ከተመለስኩ አራት ወር ሆኖኝ ነበር፤ ሻንጣዬ ግን ገና ግማሹ አልተፈታም። ልቆይ ወይስ ልመለስ የሚለውም ነገር እየተጠና ነበር።

የበዓሉን እርዳታ አክስቴ አሥራ ስምንት ዓመት ይዛዋለች። አሠራሩ ይህ ነው፤ በመንገዱ ላይ ያለው አርባ ሰባት ቤት፣ ያለውም የሌለውም፣ አንድ ነገር ወደ አዳራሹ ያመጣል። ሩዝ፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ደብተር፣ የልጅ ጫማ፣ ሌላው ቢጠፋ ሽንኩርት። ሁሉም አንድ ላይ ይከመራል። ከዚያ የመንገዱ ልብስ ሰፊ በምትሰፋቸው አርባ ሰባት ከረጢቶች ይሞላል። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቁጥር የተሰፋበትን ከረጢት ከአክስቴ እጅ ተቀብሎ ይሄዳል። ሁሉም ይሰጣል፣ ሁሉም ይቀበላል። ባለ ፎቁ ጡረተኛ ዳኛ እንኳ አምና ሦስት ሽንኩርትና አንድ ሳሙና ተቀብለው አመስግነው ሄደዋል።

እኔ ይህን ስሰማ ራሴን ያዝኩ። ፎቅ ላላቸው ሰውዬ ሽንኩርት? ለአርባ ሰባት ቤት አርባ ሰባት ከረጢት? የሚያስፈልጋቸው ምናልባት አሥር ቤት ቢሆኑ ነው!

«የትኞቹ አሥር?» አለች አክስቴ።

«እሱማ ፎርም ሲሞላ ይታወቃል።»

ኮሚቴውን ሰበሰብኩ። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ ባለሱቁ፣ ፀጉር አስተካካዩና ጡረተኛው ዳኛ። ከረጢቱ ቀርቶ ባለ ቁጥር ካርቶን እንደምንጠቀም፣ እያንዳንዱ ቤት «ሰጪ» ወይም «ተቀባይ» የሚል አራት ማዕዘን ውስጥ ምልክት እንደሚያደርግ ገለጽኩ።

«ከረጢቱ ይቀራል?» አለ ባለሱቁ። «ካርቶን እጀታ የለውም እኮ።»

«ካርቶን ይደረደራል» አልኩ።

«መደርደሩስ ይሁን» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ «ተቀባይ የሚለው ላይ ማን ነው እጁን የሚያሳርፍ?»

«የተቸገረ ሰው ነዋ።»

እርስ በርስ ተያዩ። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ሕግ ከወጣ ይከበራል» አሉ። እኔ ይህን እንደ ድጋፍ ቆጠርኩት።

ከስብሰባው በቀጥታ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሄድኩ፤ የምሥራች ይዤ መሆኑ ነው። ሰፊዋ ከመንገዱ መሃል ወረድ ብላ ያለችው ቤት ውስጥ ናት፤ ፊት ለፊቱ ሱቋ፣ ጓዳው ከሦስት ልጆቿ ጋር የምትኖርበት። ባሏ ከሞተ አምስት ዓመት ሆኖታል። የመንገዱ ሰው ሁሉ ልብሱን የሚያሰፋውም የሚያስጠብበውም እሷ ጋ ነው።

«እትዬ፣ ዘንድሮ ከከረጢቱ ድካም ገላገልንሽ!» አልኳት።

እግሯ መርገጫው ላይ ቆመ። መኪናዋም ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ።

«ተገላገልኩ» አለች። መኪናዋን ቀጠለች።

በሳምንቱ ፎርሞቹ ተመለሱ። አርባ ሰባቱም ተሞልተው፣ አንድም ሳይጎድል። በሕይወቴ እንዲህ ያለ የመመለስ መጠን አይቼ ስለማላውቅ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ እስክቆጥረው ድረስ ማለቴ ነው። አርባ ስድስት ሰጪ፣ አንድ ተቀባይ።

ተቀባዩ ጡረተኛው ዳኛ ነበሩ።

«ጋሼ፣ ይህ ስህተት አይደለም?» ብዬ ፎቃቸው ድረስ ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ሆነው ጋዜጣ ያነባሉ።

«ምኑ ነው ስህተቱ? ቋሚ ሥራ አለዎት ይላል። የለኝም። በቤቱ ውስጥ በዕድሜ የገፋ ሰው አለ ይላል። አለ፤ እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት እርዳታ ተቀብለዋል ይላል። ሦስት ሽንኩርት። ከሦስቱ ሁለቱን ‹አዎ› ያለ ተቀባይ ነው ብለሽ ከታች የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ልዋሽ?»

«አይዋሹ ጋሼ።»

«ሠላሳ ዓመት የፈረድኩት በተጻፈው ነው።»

ስለዚህ አዳራሹ ውስጥ ሰጪ ነን ያሉት ቤቶች ያዋጡት ሩዝና ዘይት እስከ መስኮቱ ተከምሮ ነበር፤ ሁሉም ለዳኛው።

አክስቴ ይህን ስነግራት በሳቅ ጄሶዋን ደረቷ ላይ ይዛ ተንፈራፈረች። «አይ የኔ ልጅ! ከመጠምጠም መማር ይቅደም ሲባል፣ አንቺ ተምረሽ ተምረሽ መጠምጠሙ አቃተሽ!»

እኔ ግን እጅ የምሰጥ አልነበርኩም። ሰው ስለ ራሱ ካልተናገረ ቤቱ ይናገራል። የዕቃ ዝርዝር አዘጋጅቼ ቤት ለቤት ወጣሁ፤ የግድግዳ ሰዓት፣ ሬዲዮ፣ አልጋ፣ ወንበር፣ መጋረጃ። በመጀመሪያው ቤት ዝይ የተሳለበት ትልቅ የግድግዳ ሰዓት አየሁ። «ሰዓት፦ አንድ» ብዬ ጻፍኩ። በሁለተኛውም ቤት ባለ ዝይ ሰዓት አለ። ሦስተኛው ቤት በሩ እስኪከፈትልኝ ትንሽ ቆየሁ፤ ገብቼ ሳይ ባለ ዝይ ሰዓት ግድግዳው ላይ እየተወዛወዘ ነው። ይህ ሰፈር ዝይ ይወዳል ማለት ነው ብዬ በኅዳጉ ላይ ማስታወሻ ያዝኩ። አራተኛው ቤት የዝይዋ ግራ ክንፍ ላይ ጭረት አየሁ። አምስተኛው ቤት ዝይዋ ያው ጭረት አለባት፤ ሰዓቱም እንደ አራቱ ሁሉ ከእጄ ሰዓት አሥራ ሁለት ደቂቃ ይቀድማል።

ከአምስተኛው ቤት ስወጣ በፊት በር አልወጣሁም፤ በጓሮ ዞርኩ። ፀጉር አስተካካዩን አንድ እግሩ ከአጥሩ ወዲህ፣ አንድ እግሩ ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ፣ ሰዓቱን በብብቱ ይዞ አገኘሁት።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ለጥገና እየወሰድኩት ነው።»

«የማን ነው?»

«የመንገዱ» አለ ሳያፍር። ኋላ ደንበኛ እንዲቸኩል ብሎ አሥራ ሁለት ደቂቃ ያስቀደመው የራሱ የሱቁ ሰዓት መሆኑን ደረስኩበት። ከአጥሩ አወረድኩትና አጠገቤ አስቀመጥኩት።

«ለምን?» አልኩት። «እኔ ልረዳቸው ነው የመጣሁት።»

«ስሚኝ እህቴ። በአፍ ድሃ መባል ይረሳል። ሰው ይጣላል፣ ይታረቃል፣ አለቀ። በወረቀት ድሃ የተባለ ግን ለልጅ ልጁ ይተርፋል። አንቺ ነገ ሻንጣሽን ይዘሽ ብትሄጂ ወረቀቱ የማን መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀረው?»

ስለ ሻንጣዬ የመንገዱ ሰው ሁሉ እንደሚያውቅ አላውቅም ነበር።

በመጨረሻ የገባሁባት ቤት የሰፊዋ ነበረች፤ ቁጥር ሠላሳ አንድ። እዚያ ዝይ አልቀደመችኝም።

«የግድግዳ ሰዓት?»

«የለኝም።»

«ሬዲዮ?»

«የለኝም። ሌላ?»

«ፎርምሽ ላይ ሰጪ ብለሽ ሞልተሻል እትዬ፤ አንቺ ብቻ እስካሁን ወደ አዳራሹ አላመጣሽም።»

«አዎ» ብላ ከመኪናዋ ሥር አንድ ካርቶን አውጥታ ሰጠችኝ። ቀላል ነበር። አዳራሽ ሄጄ ከፈትኩት፤ የሰባት ዓመት ልጅ የምትሆን ቀሚስ ነበረች። ቢጫ፣ ትንንሽ ቅጠል ያለባት፣ ስፌቷ ከውስጥ ይሁን ከውጭ መለየት የማይቻል። ጨርቁን አውቀዋለሁ እያልኩ ቀኑን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ። ወደ ቤት ስመለስ በሰፊዋ መስኮት በኩል አለፍኩ። አራት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት የማየው ቢጫ መጋረጃ የለም። መስታወቱ ላይ ጋዜጣ ተለጥፎበታል።

የመቶ አሥራ ሁለቱ ገጽ ነገር እዚያ መንገድ ላይ ከላዬ ወረደ። ምንም የሌላት ሴት እንዳትቀበል አድርጌ፣ እንድትሰጥ አስገድጃታለሁ።

የሠራሁትን ስህተት በፍጥነት ላርም ስል የባሰ ሠራሁ። በማግስቱ ትልቁን ካርቶን ሩዝ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ደብተርና ሦስት ጥንድ ጫማ ሞልቼ፣ ላዩ ላይ «31» ብዬ ጽፌ፣ ተሸክሜው ሱቋ ገባሁ። ሁለት ደንበኞች ነበሩ። አንዷ ቀሚስ እየተለካች ክንዷን ዘርግታ ቆማለች፤ ሌላዋ ወንበር ላይ ናት። ካርቶኑን መሬት ላይ ሳስቀምጠው የዘይቱ ጠርሙስ ጮኸ።

ሰፊዋ ሜትሩን ከአንገቷ ሳታወርድ ካርቶኑን አየች።

«ተሳስተሻል እህት ዓለም» አለች። «ሠላሳ አንድ ቁጥር ሰጪ ነው። ፎርሙ አንቺው ጋ አለ።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ…»

«ለሚያስፈልገው ስጪው። ክንድሽን ቀና አድርጊ» አለች፤ ሁለተኛውን ለደንበኛዋ ነው። እኔ ግን የራሴንም ክንድ ቀና አድርጌ ነበር።

ካርቶን እጀታ የለውም። ተሸክሜው ስመለስ ባለሱቁ ከበሩ ላይ ሆኖ «ብዬሽ አልነበረም?» አለኝ።

ለአክስቴ ሁሉንም ነገርኳት። በዚህኛው አልሳቀችም። ከአልጋዋ ሥር የአምናውን አንድ አሮጌ ከረጢት አስወጣችኝ። «የአፉን እጥፋት ገልብጪው» አለችኝ። ገለበጥኩት። ውስጡ በቀይ ክር ተሰፍቷል።

«ነጭ ክር ያለበት ቀላል ይሞላል። ቀይ ክር ያለበት ከባድ። ከውጭ ሁሉም አንድ ነው።»

«ለማን ቀይ እንደሚሰፋ ታዲያ አንቺ እንዴት ታውቂያለሽ?»

«እኔማ አላውቅም! ማነው ችግረኛው ብዬ የጠየቅኩሽ እኮ እውነቴን ነበር። የምታውቀው ሰፊዋ ናት። ማን ወገቡን እንዳስጠበበ፣ ማን የታላቁን ሱሪ ለታናሹ እንዳሳጠረ፣ ማን ኮሌታ እንዳስገለበጠ፣ ማን አሰፍቶ መውሰጃ አጥቶ እንደጠፋ፤ በመንገዱ ላይ የሁሉንም ልክ የያዘች እሷ ናት። እኔ አልጠይቃትም፤ እሷም አትነግረኝም። ከረጢቱን ሰፍታ ታመጣለች፣ አለቀ።»

«ባለሱቁስ? የሚሞላው እሱ አይደል? አያወራም?»

«እሱማ አፉ እንደ ሱቁ ነው፤ አይዘጋም። ስለዚህ ቀይ ክር ጠንካራ ነው፣ ክብደት ይችላል ብዬ ነገርኩት። አሥራ ስምንት ዓመት ያምናል።»

«የራሷንስ? ሠላሳ አንድን?»

አክስቴ ወደ ጄሶዋ አየች። «ሁልጊዜ በነጭ ሰፍታ ታመጣዋለች። እኔ ፈትቼ በቀይ እሰፋዋለሁ። የኔ ስፌት ደግሞ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ። አይታ አንድ ቀን ምንም ብላኝ አታውቅም።»

ከረጢቱን ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ካርቶን ይደረደራል ብዬ።

በዓሉ አምስት ቀን ሲቀረው ሰፊዋ በር ላይ ቆምኩ። መግባት ፈርቼ ነበር።

«እትዬ፣ አጥፍቻለሁ። ካርቶኑ አልሆነም። ከረጢት…»

«ገላግላችሁኝ የለ እንዴ?» አለች፤ መርፌ በከንፈሯ እንደያዘች።

«አጥፍቻለሁ አልኩሽ እኮ።»

«ሰማሁ። ጨርቅ?»

«ባለሱቁ ጋ አለ።»

መርፌውን ከከንፈሯ አውጥታ ደረቷ ላይ ሰካችው። «ነጭ ክር አለኝ። ቀይ ሁለት ጥቅል አምጪ። ዘንድሮ አንዱ አይበቃም።»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከረጢቶቹ መጡ። አክስቴና እኔ ቁጭ ብለን አፋቸውን እየገለበጥን ቆጠርን። ቀዩ አሥራ አራት ነበር። «አምና ዘጠኝ ነበር» አለች አክስቴ። እኔ ይህን ቁጥር ለማግኘት በትምህርት ቤቴ ሁለት ዓመትና አሥር ሰው ይፈጅ እንደነበር አሰብኩ፤ ያም ሆኖ ትክክል መሆኑን እጠራጠር ነበር። ይህኛውን አልተጠራጠርኩም። ደነገጥኩ እንጂ።

ሠላሳ አንድ ቁጥር በነጭ ተሰፍቷል።

«በይ» አለችኝ አክስቴ። «እኔ እጅ የለኝም።»

ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት አንድ እጥፋት ሰፋሁ። ጣቴን አራት ጊዜ ወጋሁ። ክሩ ሦስት ጊዜ ተቋጠረ። ሲያልቅ አክስቴ ወደ መስኮቱ ወስዳ አየችው።

«የኔም ከዚህ አይሻልም ነበር» አለች። ከረጢቱን መልሳ ሰጠችኝና፣ «ትንሽ ይሻል ነበር» አለች።

በዋዜማው ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ባለሱቁ እጅጌውን ሰብስቦ ይሞላል። ቀይ ሲያይ ሁለት ሩዝ፣ ሁለት ዘይት፣ ጫማ፣ ደብተር፤ ነጭ ሲያይ ሽንኩርትና ሳሙና። «ቀይ ክር ሌላ ነው እኮ» ይለኛል፤ «እንዲህ ያለ ክር ዛሬ ከየት ይገኛል?» ሠላሳ አንድ ላይ ሲደርስ ቆመ። አፉን ገልብጦ ቅንድቡን ሰቀለ።

«ይሄ ቀይ ነው፤ ግን ሰካራም የሰፋው ይመስላል። ክብደት ይችላል?»

«ይችላል» አልኩ።

«ቢቀደድ በኔ እንዳይሆን።»

«በኔ ይሁን።»

ሞላው። እሱ ዞር ሲል አንድ ነገር ከላይ ጨመርኩ። ከሰው አገር ይዤው የመጣሁት፣ ከሻንጣዬ ካወጣኋቸው ጥቂት ዕቃዎች አንዱ የሆነው የክፍሌ መጋረጃ ነበር። ጠዋት አውርጄው ነው የመጣሁት። ቢጫዋን ቀሚስ ልመልስላት አስቤ ነበር፤ ግን ባለሱቁ ቀድሞ አሥራ ሁለት ቁጥር ከረጢት ውስጥ ከቷታል። እዚያ ቤት የሰባት ዓመት ልጅ አለች። ተውኳት።

ከሰዓት በኋላ መንገዱ በሙሉ መጣ። ጫጫታው አያድርስ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ሰዓቱን ይዞ መጥቶ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ሰቀለው፤ «ከፈለግሽ አሁን መዝግቢው፣ የሁላችንም ነው» አለኝ። ዳኛው ተራቸው ደርሶ ከረጢታቸውን ሲቀበሉ በአንድ ጣት አንጠልጥለው መዘኑት።

«ሁለት ሽንኩርት?»

«ሁለት፣ ጋሼ።»

«ተመስገን። ከአምናው ተሻሽያለሁ ማለት ነው» ብለው እየሳቁ ወጡ። ለካ እሳቸውም ያውቁ ነበር። ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ከባለሱቁና ከኔ በቀር።

አርባ ስድስት ከረጢት ሄደ። ሠላሳ አንድ ቁጥር ብቻውን ጠረጴዛው ላይ ቀረ። አክስቴ ወንበሯ ላይ ሆና በሩን ታያለች። እኔም አያለሁ። ዝይዋ ሰዓት አሥራ አንድ ሆነ አለች፤ ይቀድማል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ባለሱቁ መጥረጊያ አነሳ። ዝይዋ ሩብ ጨመረች።

«ካልመጣች ቤቷ ልውሰድላት?» አልኩ።

«እንዳትሞክሪው!» አለች አክስቴ። «ደግሞ ሁለተኛ?»

ያን ጊዜ ሰፊዋ ሦስት ልጆቿን አስከትላ ገባች። የሰው ሁሉ የበዓል ልብስ እጇ ላይ ስለነበር የመጨረሻውን አድርሳ መምጣቷ ነው፤ ትከሻዋ ላይ አሁንም የክር ቁራጭ አለ። ከረጢቱን በሁለት እጄ አንስቼ ሰጠኋት። ክብደቱ ሲያርፍባት ፊቷ አልተለወጠም። ጣቷ ግን ብቻውን፣ እንደ ልማዱ፣ ወደ አፉ እጥፋት ሄዶ ውስጥ ለውስጥ ስፌቱን ዳበሰ። ቋጠሮው ላይ ሲደርስ ቆመ። ቀና ብላ እኔን አየች። የተወጋው ጣቴ ላይ የተጠቀለለውንም ጨርቅ አየች። ከዚያ ወደ አክስቴ ዞረች።

«እጅሽ ገና አልዳነም» አለቻት።

«ገና ነው» አለች አክስቴ።

«እግዜር ይማርሽ። መልካም በዓል።»

ልጆቿ ከረጢቱን ከሁለት ወገን ይዘውላት ወጡ። አልተቀደደም።

በበዓሉ ጠዋት ፀሐይ በባዶው መስኮቴ ገብታ በጊዜ ቀሰቀሰችኝ። የአሥራ ሁለት ቁጥሯ ልጅ በቢጫ ቀሚስ መንገዱን እየዘለለች ስታልፍ አየሁ። ከአልጋዬ ተነስቼ የሻንጣዬን ሌላውን ግማሽ መፍታት ጀመርኩ፤ ልብሶቼ ሁሉ ወገባቸው ሰፍቶኛል። ከዚያ ተውኩና ስልኬን አነሳሁ። የሰፊዋን ቁጥር ከፎርሙ ላይ አገኘሁት፤ ያ ሁሉ ፎርም ያገለገለው ለዚህ ብቻ ነው። ጽፌ አጠፋሁ፣ ጽፌ አጠፋሁ። በመጨረሻ ይህን ላክሁ፦

«እትዬ እንኳን አደረሰሽ። ያ ጠማማ ስፌት የኔ ነው። ለሚመጣው ዓመት ክር አያያዝ ታስተምሪኛለሽ?»

መልእክቱ መድረሱን ስልኩ አሳየኝ። ትንሽ ቆይቶ መነበቡንም አሳየኝ። ከዚያ በኋላ ሱቋ ስንት ጊዜ ገብቻለሁ፤ ቀሚሴን አጥብባልኛለች፣ ቁልፍ ተክላልኛለች፣ ስለ ዝናቡም ስለ ልጆቿም አውርተናል። ለዚያ መልእክት ግን መልስ አልመጣም።